ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የጉግስ ሜዳ

ከተማችን ደብረ ማርቆስ ዛሬ በምትጠራበት ስም ከመጠራቷ በፊት መንቆረር ትባል ነበር። ስሟን የለወጠላት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ከቀደሙት ታላላቅ ሰዎች የአንዱን የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ ከእርሳቸው የሚቀድም ስም አላገኘንም። ነገር ግን የሹመታቸውንና የዘመቻቸውን ዝርዝር ታሪክ ጸሐፊዎች አስቀድመው ጽፈውታልና ያንኑ ለመገልበጥ አልፈለግንም። እኛ ልናውቅ የፈለግነው ሌላ ነው። እኒህ ሰው በምን ዓይነት ልምምድ አድገው ጦር ሜዳ ወጡ? ልምምዱስ ቁርጡ ቀን በደረሰ ጊዜ ምን ጠቀማቸው? ምንስ ሳይጠቅማቸው ቀረ?

ይህን ጥያቄ ያነሣብን በመካከላችን የተነሣ ክርክር ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ካራቴ የሚለማመዱ ጓደኞች አሉን። ከእነርሱ አንዳንዶቹ፣ በልምምድ ጊዜ ጡጫው ከባልንጀራ ሰውነት ሳይደርስ ሊቆም ይገባዋል ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ተመትቶ የማያውቅ ሰው መከላከል ተማርሁ ሊል አይችልምና ምቱ በእውነት ማረፍ አለበት ብለው ይሟገታሉ። ወላጆች ይህን ሲሰሙ ከማን ወገን እንደሚቆሙ መናገር አያስፈልግም። ክርክሩ ግን በጃፓን አገርም የቆየ ነው። ካራቴን ከኦኪናዋ ደሴት ወደ ቶኪዮ ወስደው ያስፋፉት ጊቺን ፉናኮሺ (እ.ኤ.አ. 1868–1957) ውድድርን አይወዱም ነበር፤ ተማሪው አስቀድሞ የተወሰነውን እንቅስቃሴ ደጋግሞ በመሥራት እንዲጸና ይሹ ነበር። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት ማሱታትሱ ኦያማ (እ.ኤ.አ. 1923–1994) ግን ኪዮኩሺን የሚባለውን የካራቴ ትምህርት መሥርተው፣ ተማሪው በሙሉ ኃይሉ እንዲመታና ራሱም እንዲመታ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1969 በቶኪዮ ባዘጋጁት ውድድር ተጋጣሚዎቹ ያለ ጓንት ይማቱ ነበር፤ ነገር ግን ፊትን በጡጫ መምታት ክልክል ነበር። ይህችን ክልከላ አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ ታስፈልገናለች።

የጎጃም አባቶቻችን ካራቴ የሚባለውን ቃል ሳይሰሙ ይህንኑ ነገር በፈረስ ላይ ሆነው አስበውበታል። ወደ ታሪካችን እንመለስ።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከመንገሣቸው በፊት አዳል ተሰማ ይባሉ ነበር። የተወለዱት በ1840 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ አባታቸው ደጃዝማች ተሰማ ጎሹ፣ አያታቸውም የጎጃም ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ናቸው። የተወለዱበት ቤት ታላቅ ቤት ነበረ፤ ነገር ግን መከራ የገባበት ቤት ነው። ሕፃን ሳሉ በኅዳር ወር 1845 ዓ.ም. አያታቸው ጉር አምባ ላይ ከቋራው ካሣ፣ ማለት ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉት ጋር ተዋግተው ሞቱ። በ1846 ዓ.ም. ደግሞ አጎታቸው ደጃዝማች ብሩ ጎሹ በዚያው በካሣ እጅ ተይዘው 14 ዓመት ያህል በእስር ቆዩ። እንግዲህ አዳል ስለ ጦርነት የሰሙት በተረት አይደለም፤ በቤታቸው ለቅሶ ነው።

በዚያ ዘመን የመኳንንት ልጅ ዳዊት ከደገመ በኋላ ሁለተኛ ትምህርት ቤቱ የፈረስ ሜዳ ነበረ። በዚያ ሜዳ ላይ ከሚማረው ሁሉ ደግሞ ዋናው ጉግስ ነው። ጉግስን በስም የማያውቅ የአገራችን ሰው ባይኖርም፣ ከከተማ ልጆች ብዙዎቻችን ከሩቅ ከማየት በቀር ውስጡን ስለማናውቅ ጥቂት እንግለጠው።

ጉግስ በገና፣ በጥምቀትና በመሳሰሉት ታላላቅ በዓላት ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተከፍለው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ከአንዱ ወገን የተነሣ ፈረሰኛ ፈረሱን ኮልኩሎ ይሸሻል፤ ከሌላው ወገን የተነሣው ያባርረዋል። አባራሪው የያዘው ብረት የሌለው ዘንግ ነው፤ ይህንኑ እንደ ጦር ወርውሮ ሸሺውን ለመምታት ይሞክራል። ሸሺው ፈረሱን ሳያቆም ጋሻውን ወደ ኋላው አዙሮ ይመክታል፤ ወይም በፈረሱ አንገት ላይ ይደፋል፤ ወይም ከኮርቻው ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ዘንጉን ያሳልፈዋል። የቀድሞው እርካብ ደግሞ እግርን ሙሉ የሚያስገባ አልነበረም። አውራ ጣት የምትያዝበት ትንሽ ቀለበት ስለ ነበረች ፈረሰኛው ከኮርቻው ሳይወድቅ የሚቆየው በጭኑና በጉልበቱ ኃይል ነው። ጥቂት ቆይቶ ተራው ይለወጥና ሸሺ የነበረው አባራሪ ይሆናል።

ዘንጉ ብረት የለውም ማለት አያምም ማለት አይደለም። በሽምጥ ከሚጋልብ ፈረስ ላይ የተወረወረ እንጨት ጥርስ ያወልቃል፣ ጎድን ይሰብራል፣ ዓይንም ያጠፋል። የጎሽ ወይም የበሬ ቆዳ ጋሻ የሚያዘውም ለጌጥ አይደለም። እንዲህም ሆኖ የተመታው ሰው ቂም አይዝም፤ በገና ጨዋታ ጌታው በአሽከሩ ዱላ ቢመታ እንደማይቆጣ ሁሉ፣ በጉግስም የተመታ ሰው ራሱን እንጂ መቺውን አይወቅስም። ቢቆጣ እንኳ በሚቀጥለው ዙር አባራሪ ሲሆን ይወጣዋል እንጂ ጨዋታውን ወደ ጠብ አይለውጠውም፤ የለወጠ ሰው ነውረኛ ይባላል።

እዚህ ላይ የነገሩ ፍሬ አለ። ሸሺው ከኋላው የሚመጣውን አያይም፤ የሚሰማው የኮቴ ድምፅ ብቻ ነው። ጋሻውን ቀድሞ ቢያዞር አባራሪው ያይና ባዶ የቀረውን ቦታ መርጦ ይወረውራል። ዘግይቶ ቢያዞር ዘንጉ ጎድኑ ላይ ያርፋል። ትክክለኛዋ ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለች እጅግ አጭር ጊዜ ናት። ይህችን ጊዜ ማንም በቃል ሊያስተምር አይችልም። ጎድኑን አንድ ሁለት ጊዜ የተመታ ልጅ ግን ያውቃታል። ከዚህም ሌላ ተመትቶ ሳለ ልጓሙን አለመልቀቅን ይማራል። ፈረሱም አብሮ ይማራል፤ የጋሻ ድምፅና የሰው ጩኸት ያልለመደ ፈረስ በውጊያ ቀን ጌታውን ይዞ ወደ ገደል ይሄዳልና። አባራሪው ዘንጉን ሊወረውር ሲል ቢያቆመውና መትቼህ ነበር ቢል ኖሮ፣ ከዚህ ሁሉ አንዱም አይገኝም ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ብረቱ ወጥቷል። ኦያማ ፊትን በጡጫ መምታት እንደከለከሉ ሁሉ፣ አባቶችም ጦሩን በዘንግ ለወጡት። ስለዚህ ሁለቱም ልምምዶች ሙሉ ናቸው ሲባል በልክ ነው። ሕመሙ እውነት እንዲሆን ተትቷል፤ ሞቱ ግን ተቀንሷል። በክርክራችን ላይ አንዳንዶቻችን ይህን ልዩነት ባለማየት ብዙ ቃል አባክነናል።

አዳል ያደጉት በዚህ ሥርዐት ነው። የፈረስ ስማቸውም አባ ጠና ይባላል። ጎልማሳ በሆኑ ጊዜ ጎጃም በደጃዝማች ተድላ ጓሉ ቤትና በእነ አዳል ቤት መካከል ተከፍላ ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ዋግ ሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሲነግሡ፣ እኅታቸውን ወይዘሮ ላቀች ገብረ መድኅንን ለአዳል ድረው ወዳጅ አደረጓቸው። አዳልም የተድላ ጓሉን ልጅ ደስታን አሸንፈው ጎጃምን ያዙ። የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ዘመን አጭር ነበረ፤ በ1863 ዓ.ም. በካሣ ምርጫ ተሸነፉ። ካሣም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። አዳል ለአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ገብተው ራስ ተባሉ፤ በ1873 ዓ.ም. ደግሞ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው ስማቸው ተክለ ሃይማኖት ተባለ።

በዚህ ማዕርግ ውስጥ ከፋ የምትለዋ ቃል ትልቅ ነገር አስከተለች። ከፋ ከዓባይ ማዶ ሩቅ አገር ናት፤ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱና ቡናው የሚያልፍበት ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ይህንኑ አገር ይፈልጉት ነበር። የጎጃሙ ራስ ደረሶና የሸዋው ራስ ጎበና ከዓባይ ማዶ በግብር ይጋፉ ጀመር። በመጨረሻ ሁለቱ ነገሥታት ራሳቸው ጦራቸውን ይዘው በሆሮ ጉድሩ፣ እምባቦ ከተባለው ስፍራ በግንቦት ወር መጨረሻ 1874 ዓ.ም. ገጠሙ።

በእምባቦ የተፋለሙት ሁለቱም ወገኖች ፈረሰኞች ነበሩ። የጎጃሙ ፈረሰኛ በጉግስ ያደገ ነው፤ የራስ ጎበና የኦሮሞ ፈረሰኛ ደግሞ በፈረስ ጨዋታ ከማንም የማያንስ ነው። ስለዚህ በሜዳ የተማሩት ትምህርት ለሁለቱም እኩል ነበረ ማለት ይቻላል። ነገር ግን በዚያ ቀን ብረቱ ወደ ጦሩ ጫፍ ተመልሶ ነበር። ውጊያው እጅግ መራራ ሆኖ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው አለቀ። በመጨረሻም የጎበና ፈረሰኛ ድሉን ለሸዋ አደረገው፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ተማረኩ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ከውጊያው ይልቅ በሰው አፍ የቀረ ነው። ንጉሥ ምኒልክ ምርኮኞቹን እኔ በእጃችሁ ብወድቅ ኖሮ ምን ታደርጉኝ ነበር ብለው እንደጠየቁ፣ ምርኮኞቹም ያሰቡትን ክፉ ነገር ሳይደብቁ እንደነገሯቸው፣ ምኒልክ ግን በክፋት ሳይመልሱ የንጉሡን ቁስል እንዳስታመሙ ይነገራል። ይህን ስናነብ የጉግሱ ሥርዐት ትዝ ይለናል፤ መቺና ተመቺ ማታ በአንድ መሶብ የሚቀርቡበት ማለታችን ነው። እርግጥ ነው፣ በእምባቦ የወደቁት ሰዎች ወደ መሶብ አልተመለሱም። ንጽጽሩን ከዚህ በላይ ልንገፋው አይገባንም።

ዐፄ ዮሐንስ ያለ ፈቃዳቸው በመዋጋታቸው በሁለቱም ንጉሦች ላይ ተቆጡ። ከሁለቱም ላይ ግዛት ቀነሱ፤ ከምኒልክ የወሰዱት ወሎን ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወደ ጎጃም ተመለሱ። ከተሸነፈ ንጉሥ ብዙዎች ይርቃሉና መልሶ መቆም ቀላል ሥራ አልነበረም። ሆኖም ከአምስት ዓመት በኋላ በ1879 ዓ.ም. መተማ ድረስ ዘምተው በዚያ የሰፈረውን የደርቡሽ ጦር መትተው፣ አለቃውን ገድለው ተመለሱ። ከኮርቻ ወድቆ እንደገና መውጣትን ያስለመዳቸው የልጅነቱ ሜዳ ነው ብንል ምስክር ልናቀርብ አንችልም፤ ነገር ግን እንዲህ ይመስለናል።

ቀጥሎ የመጣው ግን ከእምባቦ የከፋ ነበር። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. አቡ አንጃ የተባለው የደርቡሽ አለቃ ብዙ ጦር ይዞ የመተማውን ብድር ሊመልስ ወደ ደንቢያ ገባ። የጎጃም ጦር ሳር ውሃ ላይ ገጠመው። አቡ አንጃ ያመጣው እግረኛ ጠመንጃ የያዘና በተኩስ የሠለጠነ ነበረ። የጎጃም ጦር ድል ሆነ፤ ብዙ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ተማረከ። ደርቡሾችም ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፤ ያ ጉዳት እስከ ዛሬ ይወራል።

የሳር ውሃን ሽንፈት ምክንያት ሁሉ እናውቃለን አንልም። ነገር ግን ስለ ልምምድ ለምንጠይቅ ለእኛ ይህ ቀን ከሁሉ ይልቅ ትምህርት ይሰጣል። በጉግስ ሜዳ ዘንጉ የሚመጣው ከአንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ስሙ ይታወቃል፣ የሚመጣበትም አቅጣጫ ይታወቃል፣ ጋሻም ይመልሰዋል። ጥይት ከእነዚህ ሁሉ አንዱንም አያከብርም። የጎሽ ቆዳ ጋሻ ላይ በልጅነት የተማሩት ዕውቀት በጠመንጃ ሰልፍ ፊት ብዙ አይረዳም። ፈረሰኛው ደፋር መሆኑ የታወቀ ነው፤ ድፍረቱን ያገኘው ደግሞ በእውነት ከተመታበት ሜዳ ነው። ድፍረቱ ግን የት እንደሚገባ አልነገረውም። ምቱ ይረፍ የሚሉት ጓደኞቻችን ይህን ገጽ ሁለት ጊዜ ቢያነቡት ደስ ይለናል። በሙሉ ኃይል የተማታ ሰው የሚያውቀው የተማታበትን ዓይነት ምት ነው። ኪዮኩሺን የተማረ ሰው ፊቱን በጡጫ የሚመታው ባልንጀራ ስላላገኘ እጁን ዝቅ አድርጎ መቆም ይለምዳል ተብሎ የሚነቀፈውም ስለዚሁ ነው።

ከሳር ውሃ በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በዐፄ ዮሐንስ ቅር ተሰኝተው፣ ትናንት ከማረኳቸው ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በምስጢር ተስማሙ። ዐፄ ዮሐንስም ይህን ሰምተው በ1881 ዓ.ም. ጎጃምን በጦር አጠፉት። በዚያ ዘመቻ የተጎዳው ባላገሩ ነው፤ ንጉሦች ሲጣሉ ጎተራው የሚራቆተው የእርሱ ነውና። በኋላ ንጉሡና ንጉሠ ነገሥቱ ታረቁ፤ ዐፄ ዮሐንስም በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ሞቱ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ከብቱ በበሽታ ያለቀበት፣ በሬ የጠፋበት፣ ክፉ ቀን የሚባለው ረኃብም በእነዚሁ ዓመታት ሆነ። ስለ እርሱ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን አይደለም።

እንዲህ ያለውን ታሪክ ዛሬ ልናነብ የቻልነው በልጅነታቸው ከዓባይ ማዶ ተማርከው በንጉሡ ቤት ያደጉት ሠዓሊና ጸሐፊ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጎጃምን ታሪክ ስለ ጻፉልን ጭምር ነው። ምርኮኛ የነበረ ልጅ የማረከውን አገር ታሪክ ጸሐፊ መሆኑ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ከሚቀጥሉት ተማሪዎች አንዱ ቢጽፈው መልካም ነው።

ጣልያን በሰሜን በኩል እየገፋ በመጣ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ የክተት ዐዋጅ አስነገሩ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ትግራይ ዘመቱ። ዕድሜያቸው ወደ 50 ቀርቦ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ውጊያው ሲጀመር ከ14 ዓመት በፊት እምባቦ ላይ የተዋጉት ሁለቱ ንጉሦች በአንድ ወገን ተሰለፉ። አንዱ ሌላውን በወሬ አያውቀውም፤ በክንዱ ያውቀዋል። ከጎኑ የቆመው ሰው ምን ያህል እንደሚጸና ምኒልክ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ እምባቦ ላይ አይተውታል።

በዐድዋ የኢትዮጵያ ሠራዊት ጋሻና ጦር ብቻ ይዞ አልቀረበም። ብዙ ጠመንጃ ነበረው፤ መድፍም ነበረው። ሳር ውሃ ያስተማረችው ትምህርት ለሁሉም ደርሶ ነበር ማለት ይቻላል። ፈረሰኛው ግን ሥራ አልጠፋበትም። የጣልያን ሰልፍ ከተሰበረና ጄኔራል አልቤርቶኔ ከተማረከ በኋላ፣ የሚሸሸውን ማባረር የፈረሰኛ ሥራ ሆነ፤ ለዚህ ደግሞ ጉግስን የመሰለ አስተማሪ የለም። በዚያች ቀን ጄኔራል ዳቦርሚዳና ጄኔራል አሪሞንዲ ሞቱ። የጣልያን ጦር ያፈገፈገው በሥርዐት አልነበረም።

የዐድዋ ጦርነት ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነበረና፣ ከእኛ በስተ ምዕራብ ባለው በአዊ የአገው ፈረሰኞች የአባቶቻቸውንና የፈረሶቻቸውን ውለታ እያሰቡ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይሰበሰባሉ። በዚያ በዓል ሽምጥ ግልቢያም ጉግስም አለ። ዘንጉ ዛሬም ብረት የለውም፤ ዛሬም ያማል።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከዐድዋ ከተመለሱ በኋላ አምስት ዓመት ያህል ጎጃምን ገዙ። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ጦርነት አልገጠሙም። በ1893 ዓ.ም. በጥር ወር መጀመሪያ፣ ገና አልፎ ጥምቀት ሳይደርስ፣ የጎጃም ፈረሰኛ ለጉግስ ፈረሱን በሚቀልብበት ሳምንት ዐረፉ።